የወሉ ሳያልቅ

እኩዮቼ፣ በኩታበርና በመካነ ሰላም፣ በለጋምቦና በሳይንት ደጋ ዕድሜ የጠገባችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከእናንተ የበለጠ አውቃለሁ ብዬ አይደለም። እናንተ ያያችሁትን ክፉ ቀን እኔም አይቼዋለሁ፤ ያየነውን ይዘን ዝም ብንል ነገ ልጆቻችን የሚወቅሱት ሰማዩን ሳይሆን እኛን ነው።

በ1965 እና በ1966 ወሎን የፈጀው ረኃብ በአንድ ጀንበር የወረደ መቅሠፍት አልነበረም። መጀመሪያ በልግ ቀረ፣ ሰውም ክረምቱን ተስፋ አድርጎ በጎቹን ሸጠ፤ ክረምቱ ሲያንስ በሬው ወጣ፤ በሬ ያጣው ማሳውን ለባለ በሬ በእኩል ሰጠ፤ በመጨረሻ የቤቱ በርና እንጨት ሳይቀር ተሽጦ ባለቤቱ ልጆቹን አስከትሎ ወደ መኪና መንገድ ዳር ወረደ። የጊዜው መንግሥት ነገሩን ይሸሽግ ነበር፣ ይህም ኀጢአቱ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ግን ከእህሉ አስቀድሞ ያለቀው ነገር ነው። ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚበደረው ሲያጣ መጠየቁንም ተወ፤ የወል ግጦሹን በተራው የሚጠብቅ ጠፋ፤ ሬሳ ሊያነሣ የተቋቋመው ቅሬ የሚሸከም ትከሻ አጣ። በ1977 ያው ተደገመ፤ ያን ጊዜ ከየመንደሩ የተነሣው ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ኢሉባቦር ተጫነ፤ በአገር ደረጃ 600,000 ያህል ሕዝብ ሲሰፍር ከመካከሉ ብዙው የእኛው የወሎ ሰው ነበር። ዝናቡ ውሎ አድሮ ተመለሰ። የተበተነው መንደር ግን ቃሉን መልሶ ለማሰር ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ አንዳንዱም ጨርሶ ሳያስረው ቀረ።

አሁንም የማየው የዚያን መንገድ መጀመሪያ ነው። የወል ግጦሻችን በየዓመቱ ከዳር ይበላል፤ አንዱ አጥሩን ገፋ ያደርጋል፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ ሦስተኛው ለልጁ ጎጆ መውጫ ይቆርጣል፣ እኛም ለሰላም ስንል አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ግጦሹ ሲጠፋ ከብቱ ይቀንሳል፣ ከብቱ ሲቀንስ የቀረችው ኩበት ማሳ ላይ መዋሏ ቀርቶ ምድጃ ትገባለች፣ ማሳውም ዓመት ዓመት እየከሳ ይሄዳል። ባሕር ዛፉ ብር ያመጣል፣ አልክድም፤ ለብዙ ቤት የትምህርት ቤትና የሕክምና ወጪ የሚወጣው ከእርሱ ነው። ነገር ግን ከነሥሩ ለደሴ ነጋዴ ስንሸጠው ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው፣ ያ ሁሉ አጣናም ቁልቁል ሲወርድ እኛ ዘንድ የሚቀረው ጉቶና የደረቀ ምንጭ ነው። ወጣቱም መሬት የለው፣ ሥራ የለው፣ ዓይኑን ወደ ዓረብ አገር አቅንቷል።

የክልላችን የገጠር መሬት ሕግ፣ የ1998ቱ አዋጅ ቁጥር 133 ይሁን እርሱን የተካው የ2009ኙ ቁጥር 252፣ የወል ይዞታን ያውቃል። እኛ ግን ለግል ማሳችን ደብተር እየተሯሯጥን ስንይዝ፣ የወሉን ድንበር ለማስመዝገብ ያንን ያህል አልተጋንም። በወረቀት ላይ ባለቤት የሌለው ተራራ ደግሞ በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ደብዳቤ፣ ለማናውቀው ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የአባቶቻችን ነው ብንል ማስረጃችን የት አለ?

ወደ መንዝ ተመልከቱ። የጓሳ ሰዎች ሣሩን ለዘመናት በደንብ ጠብቀው ኖረዋል፤ አለቆቻቸውን መርጠው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፣ ሲከፈትም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ በሥርዓት ያጭዱታል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ከርስቱ ጋር አብሮ ፈረሰ፣ ሣሩም የአጫጅ ሁሉ ሆነ። ሕዝቡ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ፣ መንግሥት እንዲያውቅለት አድርጎ፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚኖሩበትን ያንን ደጋ እንደገና በማኅበረሰቡ እጅ አስገባው። ያን ማድረግ የቻለው ደንቡን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ስለነበሩ ነው። ይህን ነገር አጥብቃችሁ አስቡት፤ የእኛ ትዝታ ከእኛ ጋር ይቀበራልና።

ክልላችን የ25 ዓመት አሻጋሪ የልማት ዕቅድ ይዟል። መልካም ነው፤ እንደዚያ አርቆ ማሰብ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ዕቅድ ወደ ወረዳ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ መሬቱ የማን ነው፣ የሚወስነው ማነው፣ ትርፉ ለማን ይገባል የሚለውን ነው፤ መልስ ይዞ የሚቀርብ የአገሬው ሰው ካልተገኘ፣ መልስ ይዞ የሚቀርብ የከተማ ሰው አይጠፋም። በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር እርከኑን የሠራነው እኛ ነን፣ ክትሩን የደረደርነው እኛ ነን፤ ሥራው ሲያልቅ ግን የለማው ተፋሰስ የማን እንደሆነ፣ የበቀለውን ሣር ማን እንደሚያጭደው በብዙ ቦታ ሳይወሰን ቀረ፣ እርከኑም እየፈረሰ ነው። በቦረና ሳይንት የደንቆሮ ጫካ በ2001 ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል፤ ጎብኚ ሲመጣ በቅሎ የሚያከራየው፣ ምግብ የሚያቀርበው፣ መንገድ የሚመራው የጫካው ጎረቤት ካልሆነ፣ ያ ጎረቤት ጫካውን በምን ምክንያት ይጠብቀው? አንዳንዶቻችንም አበል ካልተከፈለ ስብሰባ አንሄድም እስከማለት ደርሰናል፤ ይህን ስሰማ ልቤ ይደማል፣ በሌለንበት ጉባኤ የተወሰነ ነገር ተመልሶ በእኛ ላይ ይጸናልና።

ቅሬን ለቀብር ብቻ አንተወው። በወሎ ቅሬ እስላሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ የጻፈ፣ የሚያዋጣ፣ የሚቀጣ፣ የሚያስታርቅ ሸንጎ ነው፤ ደም የሚያስታርቀው ሽማግሌ፣ አበጋር፣ ያለበት አገር ደም እንኳ የሚደርቅበት ሥርዓት አለው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኩታበር ሲደርስ፣ ቢሮ ሁሉ ሲዘጋ፣ ሳይዘጋ የቀረው ቅሬ ነው። ይህን ያህል የታመነ ማኅበር እያለን፣ ከላይ በኮታ የተመሠረተ፣ ሰብሳቢው እንኳ አባላቱን የማያውቅ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለምን እንጠብቃለን? የኅብረት ሥራ አዋጁ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው እንዲመዘገቡ በሩን ከከፈተ ቆይቷል። ስለ በጎቻችን አስቡ፤ የደጋ በግ ከነነፍሱ ወደ ገበያ ይነዳል፣ ጸጉሩም እንደ ትርፍ ነገር ይጣላል፣ እኛም ብርዱን በተገዛ ብርድ ልብስ እንከላከላለን። እናቶቻችን ይህንኑ ጸጉር ፈትለው ባናና በርኖስ ያሠሩ ነበር። እጃቸው የሚያውቀው ሥራ ገና አልጠፋም፤ አንድ ቅሬ ጸጉሩን በጋራ ቢሰበስብ፣ ፈታይና ሸማኔ ቢያገናኝ፣ በጋራ ዋጋ ቢቆርጥ፣ ደላላው ብቻውን ዋጋ የሚናገርበት ቀን ያበቃል።

ይህ የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። በሜክሲኮ ኦሃካ ተራሮች ላይ የዛፖቴክ ነባር ሕዝብ ጫካው በኮንሴሽን፣ ማለትም በረጅም ዘመን የመቁረጥ ፈቃድ፣ ለወረቀት ፋብሪካ ተሰጥቶበት ለ25 ዓመት ሲቆረጥ አየ። የኮንሴሽኑ ዘመን ሲያበቃ እንዳይታደስ መንደሮቹ ተባብረው ተሟገቱ፣ አሸነፉም፤ ከዚያ በኋላ ዛፉን በራሳቸው ጉባኤ ውሳኔ እየቆረጡ፣ የራሳቸውን መሰንጠቂያ አቁመው ይኖራሉ። መሬታቸው በወል መያዙ ባይጸና ኖሮ የሚሟገቱበት ባልኖራቸው ነበር።

እኛም ገና የምንሟገትበት አለን። ድንበሩ ያለፈበትን ጥግ፣ የደረቀውን ምንጭ አሮጌ ዓይን፣ በየትኛው ወር ግጦሹ ይዘጋ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች በሕይወት አለን፤ ሰላሙ ገና ባይጸናም ቅሬያችን ይሰበሰባል። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ የዘንድሮ መኸር ገብቶ የበልግ እርሻ ሳይጀመር፣ እያንዳንዱ ቅሬ ወጣቶቹንና ሴቶቹን ይዞ የወሉን ዙሪያ በእግሩ ይሂድ፣ ምልክቱን አንድ በአንድ ይጻፍ፣ አዋሳኙ ቅሬ ይፈርምበት፣ ግጦሹ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ደንብም በዚያው መዝገብ ይግባ። የገፋ ካለ ዘመድም ቢሆን በሽምግልና ይመለስ። ከዚያም መዝገቡን ይዘን ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አብረን እንሂድና የወል ይዞታችን ይመዝገብልን እንበል።