ተገዶ ስለ ተሰጠ የእምነት ቃል

በአሶሳ ዞን የሚኖር ቤተ ሰብ፥ ልጁ ተይዞ «ጥፋቱን አምኗል» የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስለውና ስንቅ ከማቀበል በቀር ሌላ አያስብም። እኛ ግን የቤተ ሰቡ ሥራ ከዚህ ይጀምራል እንላለን።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በእናቱ ቤት በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ሲናገር ያደገ ሰው ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል በአማርኛ ይጻፋል። «ከስፍራው ነበርሁ» ያለውን «አደረግሁ» ብሎ የሚተረጉም አስተርጓሚ፥ ተንኰል ባይኖርበትም እንኳ፥ የሰውን ዕድሜ በወህኒ ሊያስፈጅ ይችላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፥ የተያዘ ሰው መልስ እንዲሰጥ እንዳይገደድ፥ ቃሉም ማስረጃ ሊሆንበት እንዲችል እንዲነገረው፥ ቋንቋውን በሚገባ የማያውቅ እንደ ሆነም ብቁ አስተርጓሚ እንዲሰጠው አዘዘ። በአንቀጽ 35 ደግሞ ዳኛ ሰውየው በፈቃዱ መናገሩን ራሱን ጠይቆ ሳያረጋግጥ ቃሉን እንዳይመዘግብ ከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ነገሩን ያጠብቀዋል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም።

የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያ ቃል የፈረደ እንደ ሆነ፥ ይግባኙ በአሶሳ ለሚያስችለው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚያ ግን «ተደብድቤ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የይግባኝ ዳኛ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን ይመለከታልና። አስተርጓሚው ማን ነበር? የዳኛው ማረጋገጫ የት ተጻፈ? ሰውየው ተይዞ ስንት ቀን ከቈየ በኋላ ቃሉን ሰጠ? በሥር ፍርድ ቤትስ ተቃውሞ ቀርቦ ነበርን? ብዙዎች የሚጎዱት በዚህ በመጨረሻው ነው፤ በመጀመሪያው ችሎት ዝም ያለ ሰው በይግባኝ ሲናገር ነገሩን ዘግይቶ የፈጠረው ይመስላል። ሌላ በቂ ማስረጃ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ቃሉ ቢወድቅም ፍርዱ ሊጸና ይችላል፤ ይህን ከወላጆች መደበቅ ደግነት አይደለም።

ስለዚህ እስረኛውን ሊጠይቅ የሚሄድ ዘመድ አካሉን ይመልከት፤ ጉዳት ያየ እንደ ሆነ ሐኪም መርምሮ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይገባዋል፤ ቍስል ይድናል፥ ጽሑፉ ግን ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ስለሚያዝ (የመንገዱ ጊዜ አይቈጠርም)፥ እስረኛው የደረሰበትን ለመናገር ከሁሉ የሚሻለው ያ ቀን ነው። በ1954ቱ ሕግ ይግባኝ መጠየቁን ለማስታወቅ የተሰጠው 15 ቀን፥ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ማመልከቻውን ለማቅረብ የተሰጠው 30 ቀን ነው። ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ ተነሥቶ የሚመላለስ አባት 15ቱን ቀን ከፍርዱ ዕለት ጀምሮ ይቍጠር።