ግልጽ የሆነ ነገር የማን ሀብት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ጁሪ የሚባሉት የሕዝብ ዳኞች ጉግል ለቤድሮክ ኩባንያ 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ፤ ፓተንቱ አይጸናም የሚለውንም መከላከያ አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የተሰጠው ይህ ፓተንት፣ ኮምፒዩተር በማስታወሻው ውስጥ በሰንሰለት የተያያዙትን መዝገቦች ሲፈልግ፣ ጊዜ ያለፈባቸውን እግረ መንገዱን የሚያስወግድበት ዘዴ ነው።

ይህን ሥራ የማያውቅ ነጋዴ የለም። የመዝገብ ቤት ጸሓፊ ደብዳቤ ሲፈልግ ዘመኑ ያለፈበትን ወረቀት ቢያገኝ፣ ያወጣዋል እንጂ ለሌላ ቀን አያቈየውም። በሰንሰለት አያይዞ መፈለጉም ቢሆን የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ ሐንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. ያሰበው፣ ዶናልድ ክኑትም በ1973 ዓ.ም. በመጽሐፉ ያስተማረው ነው።

እርግጥ፣ ከተገኘ በኋላ ሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በኬ.ኤስ.አር. እና በቴሌፍሌክስ ክርክር እንዳስታወቀው፣ የታወቁ ነገሮችን በታወቀ መንገድ አገጣጥሞ የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ማግኘት ለባለሙያ ግልጽ ሊባል ይችላል። የቴክሳሶቹ ዳኞች ይህን ሚዛን ጠበቅ አድርገው ሊይዙት ይገባ ነበር።

ጉዳዩ በጉግል ብቻ የሚቀር አይደለም። የክርክሩ መነሻ ማንም በነጻ የሚሠራበት ሊኑክስ የተባለው ፕሮግራም ነውና፣ ታናሹም ነጋዴ በዚሁ ይጠቀም ይሆናል። በዚያው ዓመት ሌሎች ዳኞች ያሁ ፓተንቱን አልጣሰም ብለው በነጻ አሰናበቱት። እንዲህ ባለው ገበያ ውስጥ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መገመት የሚችል የሒሳብ ሹም አይገኝም።