የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የመጽሐፍ ምርጫና የቀን ሥርዓት በቤት ትምህርት

ይህ እትም ልጆቻቸውን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት በመላክ ፈንታ በቤታቸው የሚያስተምሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች፣ በተለይም አሠራሩ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ በሆነበት በአሜሪካ የሚኖሩት፣ ሥርዓተ ትምህርታቸውን፣ ማለትም ልጁ ምን፣ በምን ቅደም ተከተልና በየትኞቹ መጻሕፍት እንደሚማር የሚወስነውን ዕቅድ፣ እንዴት እንደሚመርጡ ይመረምራል።

ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ፣ ጸሐፊዋ ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1947 በኦክስፎርድ ካቀረበችው ንግግር ብዙ የወሰደውና ትምህርትን በሰዋስው፣ በሎጂክና በንግግር ጥበብ ደረጃዎች የሚከፍለው ክላሲካል የተባለው ነው። የዚህ እትም ሰፊ ገጾች ግን የተሰጡት እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ለዘረጋችው መንገድ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ የተነበበለትን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲተርክ፣ ከሰዓት በኋላውም ለደጅና ለተፈጥሮ እንዲተው መምከሯ መጽሐፍንና ጊዜን ሳይነጣጥል የሚያይ በመሆኑ ነው። በዓመቱ መካከል መጽሐፍ የሚቀይር ቤተሰብ ችግሩ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ላይ ሳይሆን ለንባብ የጸና ሰዓት ማጣቱ ላይ ነው።

ፊደል ቆጥሮ ዳዊት መድገምን የሚያውቁ፣ ጾምና በዓል ዓመቱን የሚከፍሉላቸው በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለእንዲህ ያለ የጸና የቀን ሥርዓት ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ የጠዋቱ ጸሎት ራሱ የትምህርት ቀኑ መክፈቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች የመጪውን ዓመት መጻሕፍት ከማዘዛቸው በፊት የአንድ ሳምንት ውሏቸውን በወረቀት እንዲያሰፍሩ አዘጋጁ አጥብቆ ይጠይቃል።