ብረት ያልሆነው ብረት ድስት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች «ማግኔት ብረትን የሚስብ ነገር ነው፤ ማግኔት ብረትን የሚስብ ነገር ነው» ስትል ሰማኋት። ሰኞ ፈተና አለባት።

«ለመሆኑ ማግኔት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ደብተሬ ላይ ስዬዋለሁ» አለችኝ።

ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠገበ የድሮ ቴፕ ነበረን። ስፒከሩን ፈታሁና ከጀርባው ያለውን ክብ ጥቁር ማግኔት በስንት ትግል አላቅቄ ሰጠኋት። «በይ አሁን ብረት ፈልጊ!» ስላት በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት፣ ወደ እናቴ ትልቁ ብረት ድስት ሮጠች። ብታስጠጋው፣ ብትጫነው፣ ብታሻሸው ወይ ፍንክች! «አባዬ፣ ማግኔቱ ተበላሽቷል!» ብላ ተመለሰች። እናቴም ሽንኩርት እየላጠች «ብረት ካልሳበ ታዲያ ምኑን ማግኔት ሆነ?» ብላ አገዘቻት።

ማግኔቱ ደህና ነው። ጉዱ ያለው ቃላችን ላይ ነው። አማርኛችን «ብረት» የሚለውን ቃል ሁለት ሥራ ያሠራዋል። አንድ ጊዜ ምስማርና ማረሻ የሚሆነውን፣ የሚዝገውን ማዕድን ይጠራበታል፤ ሌላ ጊዜ የብረታ ብረትን ዘር በሙሉ። ብረት ድስት ስሙን ያገኘው ከሸክላው ድስት እንዲለይ ነው እንጂ የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው። የቤታችን ጣሪያ ደግሞ ስሙ ቆርቆሮ ይሁን እንጂ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ማግኔት ሲያገኝ ጥብቅ ይላል። ብረት የተባለው እምቢ ሲል፣ ቆርቆሮ የተባለው እሺ አለ ማለት ነው። ልጄ የሸመደደችው ዓረፍተ ነገር ሐሰት አይደለም። ማዕድ ቤት ሲገባ ግን አሳሳታት።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህን ነው፤ የማግኔት ትምህርት ከሰሌዳ አይጀምር፣ ከልጆቹ እጅ ይጀምር። ትርጉሙ መጨረሻ ላይ ይድረስ።

ይህን ለአንድ መምህር ወዳጄ ባነሳለት ሳቀብኝ። «ስልሳ ልጅ ይዤ? ቤተ ሙከራ በሌለበት?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ማግኔት ቤተ ሙከራ አይፈልግም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢወርድ የሞተ ስፒከር ሞልቷል። ቆርኪ የማይሰበስብ ልጅ የለም፤ ቆርኪ ደግሞ ይሳባል። ምስማር፣ መርፌ፣ ቁልፍ፣ የለስላሳ ጣሳ፣ የድስት ክዳን፣ እንጨት፣ ብርጭቆ ከየቤቱ ይመጣል። ልጆቹን በስድስት በስድስት ቡድን ያስቀምጣቸውና ማግኔቱን ከመስጠቱ በፊት ዕቃውን «ይሳባል» እና «አይሳብም» ብለው በሁለት ክምር እንዲለዩ ያድርግ። ይህቺ ግምት ዋናዋ ነገር ናት። ያልገመተ ልጅ አይደነቅም። ሁለት የማይዝጉ ማንኪያዎች ተገኝተው አንዱ ተጣብቆ ሌላው ሲንሸራተት፣ መምህሩም «ለምን ይመስላችኋል?» ብሎ ዝም ቢል ክፍሉ ራሱ ያስተምራል።

ከዚያ ወደ ግቢ ይውጡ። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልሎ አፈር ላይ መጎተት ነው፤ ፌስታሉ ላይ ጥቁር ደቃቅ ፍሬ ይለጠፋል። ማግኔቱ ከፌስታሉ ሲወጣ ፍሬው ይረግፋል። አብዛኛው ደጋችን የተቀመጠው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ በረጋ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። በዚያ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ፤ ድንጋዩ ሲፈራርስ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ልጆቹ የረገጡት መሬት ራሱ የትምህርት መሣሪያ ነው።

መርፌንም በማግኔት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግሞ ማሸት፣ በደረቅ ቅጠል ላይ አድርጎ በፕላስቲክ ሳፋ ውሃ ላይ ማንሳፈፍ ነው። ዞር ዞር ብሎ ሰሜንና ደቡብ ይረጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ አንደኛው ጫፉ ወደ እንጦጦ በኩል ያያል። ቅጠሉን ቢያዞሩትም ተመልሶ ወደዚያው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በመጫወቻ መልክ የሚሸጡት ትንንሽ፣ ብርቱ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ሕፃናት ዘንድ አይድረሱ። ሁለት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ ከወዲያና ከወዲህ ተሳስበው ግድግዳውን ሊበሱት ይችላሉ። ለክፍል የሚሆነው አፍ ውስጥ የማይገባው ትልቁ የስፒከር ማግኔት ነው።

«መጽሐፉ ካለው ውጭ ምን ይፈይዳል?» ለሚል አንድ የድሮ ታሪክ ላውራው። ነጭ ሽንኩርት የማግኔትን ኃይል ይገድላል የሚለው ነገር ከጥንት ጀምሮ በታላላቅ ሊቃውንት መጻሕፍት ተጽፎ፣ እየተጠቀሰና እየተገለበጠ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። በ1589 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን ያሳተመው የኔፕልሱ ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ ነጭ ሽንኩርት በልቶ ማግኔቱ ላይ ተነፈሰበት፣ አገሳበት፤ በሽንኩርቱ ጭማቂም ቀባው። ማግኔቱ ምንም አልሆነም። በ1600 ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት ብሎ የጻፈው እንግሊዛዊው ዊልያም ጊልበርትም ይህን ተረት ውድቅ አድርጎታል። ያን ሁሉ ዘመን የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አንስቶ የሚሞክር ሰው ነው። እኛም ያን ቅዳሜ ከእናቴ አንድ ፍሬ ለምነን ሞከርን። ማግኔቱ አሁንም ይሸታል፤ አሁንም ይስባል።

ሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፈተናው እንዴት እንደነበር ጠየቅኳት። «‘ማግኔት ምንን ይስባል?’ ይላል። ‘ብረትን’ ብዬ ጻፍኩ። ግን ቲቸርን ‘የትኛውን ብረት?’ አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ነገ ድስቱን አምጪው አለችኝ።»

እናቴ ድስቱን አልሰጥም አለች፤ ከብዙ ድርድር በኋላ ክዳኑ ተፈቀደ። ማክሰኞ ጠዋት ክዳኑ ከደብተሮቹ ጋር ቦርሳ ገባ፤ የዚያን ቀን ሽሮ የተሠራው በትሪ ተከድኖ ነው። ትሪው ግን ይሳባል፤ ሞክረነዋል።