ዋናው ድምፅ በማን እጅ ነው

በዶዮገና ደጋ እንሰት የሚተክል ገበሬ የዛሬን ብቻ አስቦ አይተክልም። ተክሉ ለመፋቅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ከተፋቀም በኋላ ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ፥ በቅጠል ተሸፍኖ፥ ድንጋይ ተጭኖበት ይቈያል። ክፉ ዘመን ቢመጣ ቤተ ሰቡ የሚያልፈው በዚያ ጉድጓድ ነው። ለምግቡ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አገር ለዘፈኑና ለመዝሙሩ ግን ጉድጓድ አልቈፈረም። ነገሩ የዶዮገና ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ሆሣዕናም ዱራሜም አዲስ አበባም በዚህ አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ በውጭ አገር በድሮ ሸክላ ላይ የተነሣውን ገበያ ለተመለከተ ሰው፥ ጉዳዩ የትንሽ ከተማን ሹማምንትና ካህናት ከማንም ይልቅ የሚመለከት መሆኑ ይገለጥለታል።

በአሜሪካ በ2022 ዓመተ ምሕረት የተሸጠው ሸክላ በቍጥር ከሲዲ በለጠ፤ ይህም ከ1987 ወዲህ ያልታየ ነበር። (ዓመቶቹ፥ አዋጁ ሲቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ከገዢዎቹም መካከል ዘፈኑን ከመስማት አልፈው ድምፁን የሚመረምሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚሹት የቈየ ሸክላ እንደ ገና ሲታተም ከዋናው ክር፥ ማለት ዘፋኙ በተዘፈነበት ቀን ከተቀዳበት ማስተር ቴፕ፥ በቀጥታ እንዲቀረጽ ነው። ሸክላው 180 ግራም የሚመዝን እንዲሆን ይፈልጋሉ። አንዳንዱም በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞሩ ቀርቶ 45 ጊዜ እንዲዞር ተደርጎ ይታተማል፤ መርፌው በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው መንገድ ስለሚረዝም ጥቃቅኑ ድምፅ ሳይጨፈለቅ ይነበባልና። በዚያው በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ ገዢዎች ከክሩ በቀጥታ የተቀረጹ መስለዋቸው የነበሩትን ሸክላዎች በመካከል ወደ ዲጂታል እየገለበጠ ያሳትም እንደ ነበር ሲታወቅ፥ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ድምፁ ያማረ ነው ብለው ዓመታት ሲያመሰግኑት የኖሩ ሰዎች መቈጣታቸው ጥቂት ያሥቃል። ቢሆንም የዋናው ክር ክብር ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ኢትዮጵያ በዚህ ገበያ ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሥራ ለመማር ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጾ ነበር፤ ያም ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር በሲዲ ተመልሶ ታትሟል። ቀጥሎ በ1969 አቶ ዓምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ፥ ሸክላ የማሳተሙ ሥራ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ሆኖ ሳለ፥ ደፍረው በገዛ ገንዘባቸው ማሳተም ጀመሩ። ማተሚያው አገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላው በሕንድ፥ በሊባኖስና በግሪክ እየታተመ ይመጣ ነበር። በ1975 አቶ ዓምሃ አገር ለቀው ሲወጡ ከመቶ የሚበልጥ ትንንሽ ሸክላና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላ አሳትመው ነበር። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣና ሸክላ ተረሳ።

እንደ ገና ያስታወሱት ባዕዳን ናቸው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በብራስልስ ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኤቲዮፒክ» በሚል ስም ወደ 30 የሚጠጉ ሲዲዎችን በፓሪስ አወጣ። የዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ የ1972ቱ የኒውዮርክ ሸክላ በ2017 በለንደን ተመልሶ ወጣ። ፋልሴቶ የደከመበት ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥራ በሌላ አገር እጅ መሠራቱ ለአዲስ አበባ የሚያኰራ ዜና አይደለም።

ለዶዮገና ትምህርት የሚሆነው ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የአቶ ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። እኚህ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች በ1985 በዋሽንግተን ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ዘመኑ አለፈ፤ እርሳቸውም በዚያው ከተማ ታክሲ ይነዱ ጀመር። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አግኝቶ ገዛ፤ ባለቤቱን ፈልጎ አስፈቀደና በ2013 በሸክላና በሲዲ አሳተመው። አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ም አዲስ ሥራ አወጡ። እንግዲህ በክፍለ ሀገር ከተማ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ አንድ ካሴት፥ ስሙ የተጻፈበት በመሆኑ፥ ባለቤቱን ከነሕይወቱ አስነሣው።

ዘፈን ዓለማዊ ነው፥ ለካህን ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር፥ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያስብ። እኚህ መነኵሲት ፒያኖ ተጫውተው በ1967 በጀርመን ሸክላ ያሳተሙት ለድኆች መርጃ እንዲሆን ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላም፥ ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ በቤታቸው ሳሉ በተራ መቅጃ የቀዱት ድምፅ በ2024 በሸክላ ታትሞ ወጥቷል። በከምባታና በሀዲያም ቤተ ክርስቲያኖች በተዘጉበት በደርግ ዘመን መዝሙር ከእጅ ወደ እጅ በሚገለበጥ ካሴት ይተላለፍ እንደ ነበር በዕድሜ የገፉ ምእመናን የሚያውቁት ነው። የዚያ ዘመን መዝሙር የመጀመሪያው ቅጂ ዛሬ የት ነው? ሲገለበጥ ሲገለበጥ የደከመውን ቅጂ ይዞ መቅረት መዝሙሩን ይዞ መቅረት አይደለም።

የአዲስ አበባ ሸክላ በብዛት በአማርኛ ነበር፤ ጥቂቱም በኦሮምኛ፥ በትግርኛና በጉራጊኛ ነው። የከምባታ የመሳላ ዘፈንና የሀዲያ የያሆዴ ጨዋታ በዚያ ወርቃማ ዘመን ሸክላ ላይ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። የሀዲያ የውዳሴና የስላቅ ግጥሞች ግን በኡልሪሽ ብራውኬምፐርና በአቶ ጥላሁን ሚሻጎ ተሰብስበው በ1999 በፍራንክፈርት በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ሥራው ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በወረቀት ሲቀመጥ ዜማው፥ የሴቶቹ ቅብብልና የእግሩ ምት በወረቀት አይቀመጥም። ያልተቀዳን ድምፅ ደግሞ የፓሪስም ሆነ የለንደን ብልሃት እንደ ገና ሊያሳትመው አይችልም።

ሕጉም ጊዜ አይሰጥም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት የከዋኙና የድምፅ አሳታሚው መብት የሚጠበቀው 50 ዓመት ነው። ስለዚህ በ1969 የታተመ ሸክላ ዘመኑ አልፏል፤ የ1975ቱም እንደዚሁ። የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት ከዚህ የሚረዝም ቢሆንም፥ የአሳታሚው መብት ሲያልቅ የሚቀረው ጥቅም ዋናውን ክር በእጁ የያዘ ሰው ጥቅም ብቻ ነው። በ1980ዎቹ ካሴት ላይም ይኸው ቀን እየቀረበ ነው።

መንገድና ውሃ ሳይሟላ ለካሴት ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ሹም አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ዳሩ ግን የሚጠየቀው ሙዚየም አይደለም። በደንብ የተጠገነ የካሴት ማጫወቻ፥ አንድ ኮምፒዩተር፥ ሥራውን የተማረ አንድ ወጣት ይበቃል። የወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት በገበያ ቀን ያስለፍፍ፤ ካህናቱና መጋቢዎቹም በጉባኤ ይንገሩ፤ የቈየ ካሴት ያለው ሰው አምጥቶ ያስቀዳ፤ ንብረቱንም ይዞ ይመለስ። የደጋው እርጥበትና የጎጆው ጢስ ክሩን ሳይጨርሰው ይህ ቢደረግ መልካም ነው። ሲቀዳም በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፥ ሳይታመቅና ማጣሪያ ሳይጨመርበት ይሁን፤ በስልክ ለመላክ የሚታመቀው ቅጂ ከዚያ በኋላ ቢወጣ ይደርሳል። ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይቀመጥ፥ አንዱ በዶዮገና፥ አንዱ በሆሣዕና፥ አንዱ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይኑር። በየቅጂውም ላይ የዘፋኙ ወይም የዘማሪው ስም፥ ቀበሌው፥ የተቀዳበት ዓመትና ማን እንደ ቀዳው ይጻፍ። ዘፋኙ በሕይወት ካለ ፈቃዱ በፊርማ ይያዝ፤ ከሞተም የወራሾቹ ስም ይመዝገብ፤ አንድ ቀን አሳታሚ ሲመጣ ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል እንዲታወቅ።