ሴት ልጅና የሥዕል ትምህርት

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌ የወረደ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳያይ አይመለስም። በቡናው ጫካ መካከል የቆመው የዚህ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ዙሪያውን በሥዕል ተሞልቷል። የጥንቱ የሥዕል ሙያ ከቤተ ክህነት ትምህርት ጋራ ከወንድ ወደ ወንድ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 የተወለዱት በዚሁ በዘጌ ነው (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው)። በ1887 ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖ ከተማ ሥዕል ተማሩ። በኋላ ከፋሺስት ኢጣልያ ጋራ መቆማቸው ስማቸውን ቢያጎድፈውም፣ የሐይቅ ዳር ልጅ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጅ ሊረግጥ እንደሚችል ያሳዩ እሳቸው ናቸው። በ1926 ደግሞ አገኘሁ እንግዳ ወደ ፓሪስ ሄዱ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው።

ጥፋቱ የአገራችን ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የፓሪሱ ታላቅ የሥዕል ትምህርት ቤት እንኳ ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1897 ነው፤ የጀርመን አካዳሚዎች ደግሞ እስከ 1919 ድረስ ቆዩ። በእኛም አገር አለ ፈለገ ሰላም በ1957 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ በኋላ፣ በዚያ የተማሩት ሠዓሊት ደስታ ሐጎስ በ1969 ሥራቸውን ብቻቸውን በኤግዚቢሽን ያሳዩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ከነጋድራስ አፈወርቅ ጉዞ እስከዚያ ቀን 82 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሴት ልጅ መቼ ጥበብ አጣች? ሞሰብ ትሰፋ የለምን?» ይላሉ። እውነት ነው። እናቶቻችን አለ ንድፍ፣ አለማስመሪያ፣ አክርማውን እየቈጠሩ ሐረጉን ያወጡታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ዓይንና እጅ ያላት ልጅ ቀለምና ብሩሽ ቢሰጧት ምን ይሳናታል? ሌሎች ደግሞ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይላሉ። ይህን ቃል እኔም በቤታችን ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህም የምሥለው በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ነገር ግን የልብሱ ጥለት፣ የመጽሐፉ ሽፋን፣ የሱቁ ማስታወቂያ ሁሉ የሚነድፈው ሰው ይፈልጋል። ለወንድሜ ሥራ የሚሆን ነገር ለእኔ ጨዋታ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ክብራን ገብርኤል ለሴቶች ክልክል ነው። የገዳሙ ሥርዓት ስለ ሆነ አልከራከርበትም። ግን በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው እስከ ዛሬ ይታያሉ። እንግዲህ በሐይቃችን ላይ ሴት አሠርታለች፣ ተሥላለችም። የቀራት ራሷ መሣል ነው።

ስለዚህ አሳቤ ቀላል ነው። የትምህርት ቤታችን የሥዕል ክበብ በሚመጣው ዓመት ሴቶች ተማሪዎችን ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይውሰድ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ያየነውን እንሣል። ወላጆችም የልጃቸውን ደብተር ከኋላ ገልጠው ይመልከቱ። ምናልባት የሚያገኙት ሥዕል የሚያስቈጣ ሳይሆን የሚያኰራ ይሆናል።