ስሙን ስናጋራ ሥራውንም እንወቅ

እ.ኤ.አ. በ2025 ዑመር ያጊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለም ብዙዎቻችን ፎቶውን ተቀባበልን። አማን ውስጥ ከፍልስጤም ስደተኞች የተወለደ ልጅ እዚህ መድረሱ ያኮራል። ግን ስንቶቻችን ነን «ምን ሠርቶ?» ብለን የጠየቅን?

ሥራው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሏቸውን ቁሶች መንደፍ ነው። በ2024 ቡድኑ ያስተዋወቀው «ኮፍ-999» የተባለ ዱቄት በቀዳዳዎቹ ውስጥ አሚን አለው። አሚን ናይትሮጂን ያለበት ውህድ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ለይቶ ይይዛል። ዱቄቱ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ጋዙን ይለቅና እንደገና ለሥራ ይዘጋጃል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት 200 ግራሙ በዓመት 20 ኪሎ ግራም ጋዝ ሊይዝ ይችላል።

ቁም ነገሩ ሚዛኑ ነው። አሚኑ ከመጠን በላይ አጥብቆ ከያዘ ጋዙን ማስለቀቅ ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ላልቶ ከያዘ ደግሞ አየር ውስጥ ያለው ጥቂት ጋዝ ያመልጠዋል። ይህን ሚዛን በሽምደዳ ማግኘት አይቻልም።

ወንድሞችና እህቶች! ኩራታችን ፎቶ ላይ አይቁም። በክረምት ማጠናከሪያ የምናስተምር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለታናናሾቻችን ቀመሩን ከማስሸምደዳችን በፊት ምን እንደሚሠራ እናሳያቸው። ኬሚስትሪ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ጋር የሚዘጋ ደብተር አይደለም።